«የጃንሆይ ስጦታ» የተባለችው ሰዓት

ባለፈው ገና ጫጫ እናቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ቢብስ እንጂ አይሻልም። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ታላቅ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገና «ለአባባ ሰዓት ገዥ ተገኝቷል» አለ።

አባባ የምንለው አያታችንን፣ የእናታችንን አባት ነው። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ኮሪያ ዘምተው ተመልሰዋል። በኋላ ከውትድርናው ወጥተው ጫጫ አካባቢ ገብስና ባቄላ እያረሱ ኖረው፣ እኔ ልጅ ሳለሁ አረፉ። የተዉልን ነገር ቢኖር ጥቂት ፎቶግራፍና አንዲት የእጅ ሰዓት ነው። ሰዓቷን «ጃንሆይ በገዛ እጃቸው የሸለሟቸው ናት» እየተባልን አድገናል። በልጅነታችን እንድንነካት አይፈቀድልንም ነበር። በነጭ መሐረብ ተጠቅልላ ከእናቴ ሣጥን የምትወጣው በዓመት አንዴ፣ ለአባባ መታሰቢያ ብቻ ነው።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። የእናታችን ቤት ቆርቆሮ ዝጓል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከአልጋዋ ራስጌ ባልዲ ታስቀምጣለች። ገዥው ያቀረበው ገንዘብ ቆርቆሮውን ከነማገሩ ያስቀይራል። ችግሩ ገዥው አንድ ነገር ጠይቋል፤ ሰዓቷ የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ መሆኗን የሚገልጽ፣ የአያታችንን ታሪክ የያዘና በቤተሰቡ የተፈረመ ወረቀት። ወንድሜም ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ላንተ ምን አላት? አንድ ገጽ ነው» አለኝ።

አንድ ገጽ መጻፍ አያቅተኝም። ግን ስለሌላው ሰው ታሪክ ስጽፍ «ማስረጃው የት አለ?» እያልኩ የማስቸግር ሰው፣ በአያቴ ሰዓት ላይ ሳልመረምር ልፈርም አልቻልኩም። ሰዓቷን በመሐረቧ ጠቅልዬ አዲስ አበባ ይዣት ወረድኩ።

*

ፒያሳ ስላደጋችሁበት ወይም ስለሠራችሁበት የምታስታውሱ ሰዎች፣ በየበረንዳውና በየጠባቡ ሱቅ አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ ሰክተው አንገታቸውን ደፍተው የሚውሉትን ሰዓት ሠሪዎች አትረሱም። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙዎቹ ተበተኑ። እኔም የማውቃቸውን አንድ አዛውንት ለማግኘት ሦስት ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን ከሌላ ነጋዴ ጋር አንዲት ጥግ ተጋርተው ይሠራሉ። ከጎናቸው የሞቱ ሰዓቶች የተሞሉ የወተት ዱቄት ጣሳዎች ተደርድረዋል። ለሰዓት ሠሪ እነዚያ ጣሳዎች ባንኩ ናቸው፤ ፋብሪካው ማምረት ያቆመው መለዋወጫ የሚገኘው ከሞተ ሰዓት ሆድ ነው።

ታሪኩን ሳልነግራቸው ሰዓቷን ብቻ ሰጠኋቸው። ገልበጥ አድርገው ጀርባዋን አዩ፤ ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ፤ ከዚያ «ማን ሰጠህ?» አሉኝ።

«የአያቴ ናት። ጃንሆይ የሰጧቸው ነው የሚባለው፤ ከኮሪያ ሲመለሱ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «አያትህን ነፍስ ይማር። ይህቺን ግን ጃንሆይ አልሰጡም። ሊሰጡም አይችሉም ነበር።»

*

ሰዓቷ ሲኮ ፋይቭ ናት። በኢትዮጵያ የአንድ ትውልድ አስተማሪ፣ ሾፌርና የመንግሥት ሠራተኛ እጅ ላይ የኖረች ሰዓት። «አምስት» የተባለችው ፋብሪካው አምስት ነገር ስለቃለባት ነው፤ በራሷ ትሞላለች፣ ቀንና ዕለት በአንድ መስኮት ታሳያለች፣ ውሃ ትችላለች፣ መሙያዋ አራት ሰዓት ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል፣ ቀፎዋና ማሰሪያዋ ጠንካራ ነው። ገበያ ላይ የዋለችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ደግሞ ወደ ኮሪያ የተንቀሳቀሰው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1951 መሆኑ ነው። ጦርነቱ በተኩስ አቁም የቆመው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ዘማቹ ሲመለስ ሲኮ ፋይቭ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

«ስሟ ብቻ ይበቃል፤ ግን እንጨርሰው» አሉ አዛውንቱ። ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር አስነበቡኝ። በሲኮ ሰዓት የኋላ ክዳን ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንደኛው የሞዴሉ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች በውስጥ ያለውን ማሽን ይነግሩሃል። በእኛይቱ ላይ 6119 ይላል። ሁለተኛው የመለያ ቁጥሯ ነው። በዚህ ቁጥር የመጀመሪያው አሃዝ የተሠራችበት ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ሲሆን፣ ቀጥሎ ያለው ወሩ ነው። ከጥር እስከ መስከረም ያሉት የፈረንጅ ወሮች በ1 እስከ 9 ይጻፋሉ፤ ኦክቶበር፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር ግን በአንድ አሃዝ ስለማይጻፉ በላቲን ፊደል ኦ፣ ኤን እና ዲ ይወከላሉ።

የአያቴ ሰዓት ቁጥር በ4 ይጀምርና ኤን ይከተላል። በ4 የሚያልቅ ዓመት፣ ኖቬምበር ወር። የትኛው 4? 1964፣ 1974 ወይስ 1984? እዚህ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ይፈርዳል። 6119 የተባለው ማሽን የተሠራው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻና 1970ዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኖቬምበር 1974 ነው። በእኛ ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው።

ይህን ሳሰላ እጄ ቀዘቀዘ። ቀኃሥ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን የወጡት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ይህቺ ሰዓት ጃፓን ውስጥ በሚገጣጠምበት ወር ሰጭ ናቸው የተባሉት ሰው እስረኛ ነበሩ። በዚያው ወር፣ ኅዳር 14 ሌሊት፣ ስልሳዎቹ የቀድሞ ባለሥልጣናት ተረሸኑ። ሰዓቷ የአንድ ሥርዓት ስጦታ ሳትሆን ሥርዓቱ በወደቀ ሰሞን የተወለደች ናት።

*

አዛውንቱ አላበቁም። «ፎርጅድ ናት ማለቴ አይደለም» አሉ። ክዳኗን ከፈቱ። እኔ ያላየሁትን እሳቸው እንደ ሐኪም በየተራ ነገሩኝ።

ማሽኗ የራሷ ነው፤ ቁጥሩ ከክዳኑ ጋር ይገጥማል። የሰዓቷ ፊትም የራሷ ነው፤ ከታች ጠርዙ ላይ በደቃቅ የተጻፈው ኮድ በ6119 ይጀምራል። ፊቷ በዕድሜ ትንሽ ወይቧል፤ ያንን «ደግ እርጅና» አሉት። መስታወቷ ግን ተቀይሯል። ደቂቃ ቆጣሪዋ ከሌላ ሰዓት የመጣች ናት፤ ቁመቷ በአንድ ጸጉር ታጥራለች፣ ብርሃን የሚሰጠው ቀለምም ከሰዓት ቆጣሪዋ ጋር አይመሳሰልም። ማሰሪያዋ ከገበያ የተገዛ ነው። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ በመርፌ ጫፍ የተጫሩ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ ቀደም ሲል የጠገኗት ሰዓት ሠሪዎች የተዉት። «ይህ የሐኪም ካርዷ ነው» አሉኝ።

ሌላም ነገር አሳዩኝ። ሰዓቷን ነቅነቅ አድርገው አስነሷትና ቆጣሪዎቹን ወደፊት አዞሯቸው። የዕለቱ ጽሑፍ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጊዜ በአረብኛ መጣ። ሲኮ ፋብሪካ ዕለቱን ለየገበያው በሁለት ቋንቋ ያትም ነበር፤ አረብኛ ያለባት ለዚያ ቀጣና የተላከች ናት። በጅቡቲም ትምጣ በዓደን ወይም በጅዳ፣ መንገዷ በቀይ ባሕር በኩል ነበር ማለት ነው። ከቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ሳይሆን ከነጋዴ ጓዝ ውስጥ።

በነገራችን ላይ፣ አውቶማቲክ ሰዓትን በእኛ አቆጣጠር የሚያስሩ ሰዎች ሳያውቁት አንድ የሚገርም ነገር ያደርጋሉ። ሰዓቷ ቀን የምትቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው። ፈረንጅ ያሰበው እኩለ ሌሊትን ነበር። እኛ ግን 12 የምንለው ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ በሐበሻ ሰዓት የታሰረች ሲኮ እንዳስተካከልካት ወይ ንጋት ላይ ወይ ምሽት ላይ ቀን ትቀይራለች። ንጋት ላይ ከቀየረች የገበሬውን ቀን ትቆጥራለች፤ ምሽት ላይ ከቀየረች የቤተ ክርስቲያኑን፤ በዋዜማው በዓሉ እንደሚገባው ማለት ነው። የጃፓን ጥርስ በሸዋ ልማድ ይዞራል።

*

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ አሮጌ ሰዓቶች ማንበብ፣ ከነጋዴ ጋር መሟገት ጀመርኩ። የተረዳሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ፤ በየሣጥናችሁ የአባት ሰዓት ያላችሁ ብዙ ናችሁና።

በአሮጌ ሰዓት ገበያ ሙሉ በሙሉ የውሸት የሆነ ሰዓት ለዐዋቂ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ግማሹ እውነት የሆነው ነው። ዋናው ማታለያ ፊቱ ላይ ይሠራል። የነተበ ፊት ተፍቆ እንደገና ይቀባል፤ በተለይ ሙምባይ ውስጥ እንደ አዲስ ተቀብተው በደማቅ ቀለም የሚሸጡ የድሮ ሰዓቶች በዓለም ገበያ የታወቁ ናቸው። በማጉያ ስታየው ፊደሉ ወፈር ቀጠን ይላል፣ የደቂቃ መስመሮቹ ከምልክቶቹ ጋር አይገጥሙም፣ ቀለሙ ለዕድሜው ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። የስልሳ ዓመት ሰው ፊት ላይ አንድም መስመር ከሌለ ትጠረጥራለህ፤ ሰዓትም እንዲሁ ነው።

በጨለማ የሚያበራው ቀለም ሌላ ምስክር ነው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ራዲየም ይቀቡ ነበር፤ ከዚያ ትሪቲየም ተተካ። ትሪቲየም ያለበት የስዊስ ሰዓት ከፊቱ ግርጌ «ቲ ስዊስ ሜድ ቲ» የሚል ጽሑፍ ይይዛል። የትሪቲየም ጉልበት በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የ1965 እ.ኤ.አ. ነው የተባለ ሰዓት ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ቦግ ብሎ ካደረ ቀለሙ አዲስ ነው። ራዲየምም ቢሆን ብርሃኑ ይጠፋል፤ ጨረሩ ግን ከሺህ ዓመት በላይ ይኖራል። በቤት ውስጥ ክዳን ከፍቶ ፊቱን መፋቅ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መስታወትም ይናገራል። በቀድሞ የኦሜጋ ሰዓቶች የፕላስቲክ መስታወት መካከል ላይ በዓይን የማትታይ፣ በማጉያ ብቻ የምትገኝ ደቃቅ የኦሜጋ ምልክት አለች። ከሌለች መስታወቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ይህ ግን ሰዓቱን ሐሰተኛ አያደርገውም። መስታወት የሚሰበር ነገር ነው፤ ይቀየራል።

መለዋወጫ ለምን እንዲህ ጠፋ ካላችሁ፣ ምክንያቱ ራሱ ታሪክ ነው። ሲኮ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969 በባትሪ የሚሠራውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ለሽያጭ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የስዊዘርላንድ ሰዓት ኢንዱስትሪ ሠራተኛ ከ90 ሺህ ገደማ ወደ 30 ሺህ ገደማ ወረደ። ብዙ ፋብሪካ ተዘጋ፤ ከፋብሪካው ጋር የመለዋወጫው ምንጭ ደረቀ። የቀሩትም ኩባንያዎች መለዋወጫቸውን ለራሳቸው ጥገና ማዕከል እንጂ ለነፃ ሰዓት ሠሪ በቀላሉ አይሰጡም። ምናለሽ ተራ ጣሳ ውስጥ የምትገኝ አንዲት የአሮጌ ኦሜጋ መሙያ ዛሬ በሌላው ዓለም ለሰብሳቢ ትልቅ ነገር ናት። እኛ ሰፈር ስታፈርስ ያንን ጣሳ አንቆጥረውም፤ የሽማግሌውን ዕውቀትም እንዲሁ።

*

አሁን ወደ እውነተኛው የጃንሆይ ሰዓት ልምጣ። እንዲህ ያለ ሰዓት አለና።

ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የጄኔቫ ፋብሪካ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው፣ ሞዴሉ 2497 የሆነ የወርቅ ሰዓት ነው። ቀንን፣ ዕለትን፣ ወርን፣ የጨረቃን መጠን ያሳያል፤ 30ና 31ን፣ የፌብሩዋሪን 28ና 29 ሳይቀር ራሱ ያውቃል። የዚህ ሞዴል ሰዓቶች በዓለም ላይ በጠቅላላው ከ200 አይበልጡም። ከእነዚህ አንዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ክሪስቲስ የተባለው ጨረታ ቤት ጄኔቫ ላይ ሊሸጠው ካወጣ በኋላ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣና ከጨረታው ወረደ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2017 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ጄኔቫ ተመልሶ ወጣና በ2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ተሸጠ።

በዚያ ሰዓት ላይ የዕቃው እውነተኛነት አላከራከረም። ፓቴክ ፊሊፕ ከመቶ ዓመት በላይ መዝገቡን ጠብቋል፤ ለጠየቀ ሰው ሰዓቱ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሸጠ ከመዝገቡ ቀድቶ ይሰጣል። የማሽኑን ቁጥር፣ የቀፎውን ቁጥር ታነጻጽራለህ፤ አለቀ። ያከራከረው ሌላ ነገር ነው። ከባለቤቱ እጅ እንዴት ወጣ? በስጦታ? በሽያጭ? ወይስ ከመስከረም 1967 በኋላ በሆነ በር? ይህን የፋብሪካ መዝገብ አይመልስም።

እዚህ ላይ ሁለት እውነት እንዳለ ገባኝ። አንዱ የዕቃው እውነት ነው፤ ማን ሠራው፣ መቼ፣ ምኑ የራሱ ነው፣ ምኑ ተቀየረ። ሌላው የመንገዱ እውነት ነው፤ ከማን ወደ ማን፣ እንዴት አለፈ። የጃንሆይ ፓቴክ የመጀመሪያው ሞልቶለት ሁለተኛው ያከራከረ ሰዓት ነው። የእኛ ሲኮ ደግሞ ዕቃዋ እውነተኛ ሆኖ መንገዷ የተረት ሆነባት። መቅደላ ላይ በ1860 ዓ.ም. ስለተዘረፈው ቅርስ የምንሟገት ሕዝብ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባን ነበር። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ያለው መስቀል እውነተኛ መሆኑን ማንም አልካደንም፤ ክርክራችን ሁልጊዜ ስለ መንገዱ ነው።

*

ታዲያ ምን ያህሉ ሲቀየር ነው አንድ ነገር ያ ነገር መሆኑ የሚቀረው?

የጫጫ ገበሬ ይህን ጥያቄ ሳይማር ይመልሰዋል። የአባቱን ሞፈር ሲያነክት ሌላ ይቆርጣል። ድግሩ ሲሰበር ይለውጣል። ማረሻው ሲያልቅ ባለ እጁ ዘንድ ወስዶ ያስተካክላል ወይም አዲስ ያስገባል። ከሃያ ዓመት በኋላ ከአባቱ እጅ የመጣ አንድ እንጨት ላይኖር ይችላል፤ እሱ ግን አሁንም «የአባቴ ዕርፍ» ይላል። ማንንም አላታለለም። ስለ እንጨቱ አልተናገረምና። ስለ ሥራው መቀጠል ነው የተናገረው።

ወደ ሰሜን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተ ነው። ዛሬ የምንሳለመው ሕንፃ ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንደገና የተሠራ ነው። «የዘርዓ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን» ስንል አልዋሸንም፤ ሕንፃው መታደሱን የደበቀ የለምና። አንኮበር ውጡ። የሣህለ ሥላሴና የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ተራራ ላይ የቀረው ፍርስራሽ ነው፤ አጠገቡ የቀድሞውን መልክ ይዞ የተሠራ ሎጅ አለ። እንግዳ አድሮበት፣ ቁርስ በልቶበት፣ ከዚያ ፍርስራሹን አይቶ ይሄዳል። ሎጁ ሎጅ ነኝ እያለ ነው የቆመው። አንድ ሰው ነገ ተነሥቶ የሎጁን በር ነቅሎ «ምኒልክ የገቡበት በር» ብሎ ቢሸጠው ግን ያው እንጨት ሐሰት ይሆናል። በሩ አልተለወጠም፤ የተለጠፈበት ቃል ነው የተለወጠው።

ስለ ሰዓትም የምለው ይህንኑ ነው። መለዋወጫ ውሸት አይደለም። ውሸቱ መለዋወጫነቱን መደበቅ ነው።

*

ጫጫ ተመለስኩ። ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ሸኖን ካለፍኩ በኋላ ባላወራውስ ብዬ ነበር። የሞተ ሰው ክብር ነው፤ ምን አገባኝ?

ነገርኳት። እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ በቁጣ ሳይሆን ግራ በመጋባት «እንዴት ይሆናል? አባባ እኮ ጠዋት ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው ሲያበቁ ይሞሏት ነበር። ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ በሁለት ጣታቸው፣ ኪር ኪር እያደረጉ። ልጅ ሆኜ ድምፁን እወደው ነበር» አለችኝ።

ሰዓቷን አነሣሁ። 6119 በእጅ አይሞላም። መሙያ የምንላት ነገር ሰዓት ከማስተካከል በቀር ሞላውን አታጠብቅም፤ ሰዓቷ የምትሞላው በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። አያቴ ይህቺን ሰዓት ኪር ኪር አድርገው ሊሞሏት አይችሉም ነበር።

«እማ፣» አልኳት፣ «እርግጠኛ ነሽ?»

«ዓይኔ እያየ!»

«እንግዲያው ያቺ ሰዓት ይህቺ አይደለችም።»

እናቴ ሰዓቷን ከእጄ ተቀበለችና ገለበጠቻት። ለረጅም ጊዜ ጀርባዋን ስታይ ቆየች። «ዘውዱስ?» አለች ቀስ ብላ። «ጀርባዋ ላይ ዘውድ ነበረባት እኮ።»

ከዚያ ትዝታው ቀስ በቀስ መጣላት፤ ሃምሳ ዓመት ገደማ የተቀበረ ነገር። ያኔ ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። መሬት ለአራሹ ታውጆ፣ የገበሬ ማኅበሩ ተቋቁሞ፣ «የድሮ ሥርዓት ናፋቂ» መባል ሰው የሚያስበላበት ጊዜ ነው። የክብር ዘበኛ የነበረ ሰው ፎቶውን እንኳ ደብቆ ነው የሚያድረው። አንድ የገበያ ቀን አባባ ደብረ ብርሃን ወርደው አመሹ። ሲመለሱ እጃቸው ላይ ሰዓት ነበረ፤ ግን ጠዋት ኪር ኪር ማለቱ ቀረ። አያቴ እማማ «ምነው?» ብለው ቢጠይቁ «አዲሱ ራሱ ይሞላል» አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተነሥቶ አያውቅም።

የቀድሞዋ ሰዓት ተሸጣ ይሁን ተለውጣ፣ ወይም ዘውዱ ተፍቆ ለወርቅ ሠሪ ሄዳ ይሁን፣ እናቴ አላየችም። ሰጭው በእርግጥ ጃንሆይ ራሳቸው ይሁኑ፣ ወይም አንድ አዛዥ በእሳቸው ስም፣ አላየችም። ያየችው ዘውዱን ነው፤ የሰማችው ድምፁን ነው። እኔም በወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ያንኑ ብቻ ነው።

እስቲ አስቡት። ቤተሰባችን በዕቃው ተሳሳተ እንጂ በትዝታው አልተሳሳተም። አፈ ታሪኩ እውነት ነበር፤ የተጠለፈው በተሳሳተ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን ያስመረመርኩት አፈ ታሪኩን ለማፍረስ መስሎኝ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ከሽልማቱ የሚበልጥ ታሪክ ነው። አንድ ዘማች ለልጆቹ ሲል ክብሩን ከእጁ አውልቆ ገበያ አወጣ፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ደግሞ በምትኩ ሌላ ሰዓት አስሮ ገባ። «የጃንሆይ ስጦታ» የሚለውን ቃል አላረመም። ምናልባት እንዲተርፍ የፈለገው ቃሉን ነው።

*

ለገዥው እውነቱን ነገርኩት። ወረቀት እንደምጽፍለት፣ ነገር ግን የምጽፈው በኖቬምበር 1974 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ መስታወቷና ደቂቃ ቆጣሪዋ የተቀየረ፣ የአንድ የኮሪያ ዘማች የነበረች ሲኮ ፋይቭ ብዬ እንደሆነ አስረዳሁት። ሳቀና «ለዚህማ አንድ ሺህም አልሰጥ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ወንድሜ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ አላናገረኝም። ቆርቆሮው አሁንም አልተቀየረም፤ ተረባርበን ከክረምት በፊት እንጨርሰዋለን ብለናል። እውነት መናገር ዋጋ የለውም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ዋጋ አለው፤ የእኛ ዋጋ አርባ ቆርቆሮ ነበር።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። በሣጥናችሁ የአባት ወይም የአያት ሰዓት ካለ አታስወልውሉት፣ ፊቱን አታስቀቡት፤ ጭረቱ ታሪኩ ነው። ሲጠገን የወጣውን አሮጌ ዕቃ ከሰዓት ሠሪው ተቀብላችሁ በትንሽ ላስቲክ አስቀምጡት። የተቀየረውን ነገር ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ። ደላላ መጥቶ «ታሪኩን ጨምርበት» ካላችሁ፣ የሚገዛው ሰዓታችሁን ሳይሆን ስማችሁን መሆኑን እወቁ። ከሁሉ በፊት ግን ሽማግሌዎቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ሰዓቱ የማን ነበር ብቻ አትበሉ፤ ጠዋት ምን ያደርጉት ነበር? ጀርባው ላይ ምን ነበረ? ድምፁስ? ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር ያልመለሰልኝን ጥያቄ የመለሰልኝ «ኪር ኪር» የሚል የልጅ ትዝታ ነው።

ሰዓቷ ዛሬም በነጭ መሐረብ ተጠቅልላ እናቴ ሣጥን ውስጥ ናት። አጭሯ ደቂቃ ቆጣሪ አልተቀየረችም፤ እኔ ነኝ እንዳትቀየር ያልኩት። ከመሐረቡ ጋር አንድ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ወንድሜ ባለፈው ሰሞን ከፍቶ አንብቦት «ይሻላል» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ቸር እንሰንብት።